ከፎርማት በፊት

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል ሰምተን አድገናል። እኔም የአማርኛ መምህር እንደ መሆኔ ይህን ብሂል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁት አላስታውስም። ተማሪዎቼ ይገለብጡታል፤ እኔም አርማለሁ፤ ደወል ይደወላል፤ እንለያያለን። የብሂሉ ሁለተኛ ግማሽ ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ የተረዳሁት ግን በአንድ የሞባይል ጥገና ጠረጴዛ ፊት፣ ራሱን በራሱ እያጠፋ የሚያበራ ስልክ በእጄ ይዤ በቆምሁበት ቀን ነው።

አንበሳሜን የማያውቃት አንባቢ ቢኖር፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ሐሙሲት ሲደርስ ጣናን በስተ ግራው ትቶ ወደ ቀኝ፣ ወደ እስቴ የሚያወጣውን መንገድ ይያዝ። የደራ ወረዳ ከተማ የሆነችውን አንበሳሜን እዚያው መንገድ ላይ ያገኛታል። አክስቴ በዚያ አካባቢ የታወቁ አልቃሽ ነበሩ። ሰው ሲሞት ይጠራሉ፤ ሙሾ ያወርዳሉ፤ የሟቹን ዘር፣ እርሻውን፣ በሬዎቹን፣ ለጎረቤት የዋለውን ውለታ፣ አንዳንዴም በሕይወት ሳለ ማንም ያልነገረውን ጉድለቱን ጭምር ቤት እያስመቱ ይደረድሩታል። ፊደል አልቆጠሩም። አንድም ስንኝ በወረቀት የሠፈረላቸው አልነበረም።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አንበሳሜ በሄድሁ ቁጥር ስልኬን ከአጠገባቸው አስቀምጬ እቀርጻቸው ነበር። በመጀመሪያ «ሰው ሳይሞት ሙሾ ሟርት ነው» ብለው እምቢ አሉኝ። በኋላ ግን «እንግዲያው የቆዩትን እናነሣለን እንጂ አዲስ ሰው አንጠራም» ብለው ተስማሙ። እንዲህ እየተባለ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሠላሳ በላይ ቅጂ ተጠራቀመ። «ወደ ፊት እገለብጠዋለሁ፣ በጽሑፍ አሰፍረዋለሁ» እያልሁ በስልኬ ሆድ ውስጥ ተውሁት።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት ስልኩ ዐመል አወጣ። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ድንገት ይጠፋና የአምራቹን ምልክት አሳይቶ ይነሣል። ቀጥሎ ካሜራ ስከፍት ጠፋ። ቀጥሎ ጥሪ ሲመጣ ጠፋ። ባትሪው አርባ በመቶ እያሳየ ይሞታል፤ ሲነሣ ደግሞ ዐሥራ አምስት ይላል። እኔም እንደ ብዙ ሰው «እየጠፋም ቢሆን ይበራል» ብዬ ቻልሁት። ሕመምተኛ ስልክ እንደ ሕመምተኛ ሰው ነው፤ እስኪወድቅ ድረስ ደኅና ነው ይባላል።

በጥር 2015 ዓ.ም. አክስቴ ከዚያ በፊት ዐይናቸውን እንኳ ሊያዞሩበት የማይፈልጉትን አንድ ሙሾ አወረዱልኝ፤ ለራሳቸው ባል፣ ለአጎቴ ያለቀሱትን። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ወደ ማብቂያው ግድም ስልኩን ዘወር ብዬ ባየው የአምራቹ ምልክት በመስተዋቱ ላይ በርቷል። ጠፍቶ እየተነሣ ነበር። አክስቴ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው «ገባ ወይ ልጄ?» አሉኝ። ስልኩ ሲነሣ ፋይሉ ከዝርዝሩ ውስጥ ታየኝ፤ ስሙም ቀኑም አለ። «ገባ እትዬ» አልኋቸው። ከፍቼ አላዳመጥሁትም። በየካቲት ዐረፉ።

በመጋቢት ስልኩ ጨርሶ ሥርዓቱን ለቀቀ። ይነሣል፣ ምልክቱን ያሳያል፣ ይወድቃል፤ እንደገና ይነሣል፣ እንደገና ይወድቃል። ወደ አንድ የጥገና ቤት ወሰድሁት። ወጣቱ ባለሙያ ለደቂቃ ያህል አየውና «መምህር፣ ሶፍትዌሩ ነው፤ ፎርማት ይደረግና ይነሣል» አለኝ።

«ውስጡ ያለውስ?»

«እሱ ይጠፋል። ስልኩ ግን ይድናል።»

ይህች ዐረፍተ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ስልኩ ይድናል፤ ውስጡ ይጠፋል። ስልኩን ተቀብዬው ወጣሁ።

ልጁን ልወቅሰው አልሻም። በቀን ስንት ስልክ እንዳነሣ ነው እንጀራው። ፎርማት ጊዜ አይወስድም፤ አንዳንድ ጊዜም ይሠራል፤ ደንበኛውም ብዙ ጊዜ ስለ ዕቃው እንጂ ስለ ውስጡ አይጠይቅም። የምሟገተው ከልጁ ጋር ሳይሆን ከልማዱ ጋር ነው። በእኔ እምነት «ብቻውን ይጠፋል፣ ይበራል» ለተባለ ስልክ ፎርማትን የመጀመሪያ መድኃኒት ማድረግ ስሕተት ነው፤ ሁለት ጊዜም ስሕተት ነው። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ በሽታው እዚያ የለም። ሁለተኛ፣ የጠፋው አይመለስም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። በማግሥቱ ባሕር ዳር ያገኘሁት ሌላ ባለሙያ ስልኩን ከመንካቱ በፊት ጠየቀኝ። መቼ ጀመረው? ባትሪው ስንት ላይ ሲሆን ይጠፋል? ካሜራ ሲከፈት ነው ወይስ ዝም ብሎ በተቀመጠበት? ቻርጀር ላይ ሲሰካ ይሻለዋል ወይ? ወድቆ ያውቃል? ውኃ ነክቶት ያውቃል? ሲጠፋ ይሞቃል ወይ? እኔ እየመለስሁ ሳለሁ ሲም ካርዱን አወጣ፤ ሽፋኑን አወለቀ፤ የማብሪያ ቁልፉ ተጭኖ ቀርቶ እንደ ሆነ በጣቱ ነካካው፤ ቁልፉ ከተጣበቀ ስልኩ «አጥፋኝ፣ አብራኝ» የሚል ትእዛዝ ያለ ማቋረጥ ይደርሰዋልና። ከዚያ ስልኩን በጀርባው በመስተዋት ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ በጣቱ አሾረው። እንደ እንዝርት ዞረ። ጀርባው አብጦ ነበር። «ባትሪው ነው» አለ።

ነገሩን ሲያስረዳኝ አንድም ከባድ ቃል አልተጠቀመም። የስልክ ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ፣ በአንዳንዶቹም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ኃይል ይይዛል። ሲያረጅ ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንደኛ፣ የሚይዘው መጠን ይቀንሳል፤ ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሁለተኛውን ግን አናየውም፤ ውስጡ ይጠብባል፣ ማለትም የያዘውን ቶሎ ማውጣት ይሳነዋል። ካሜራ ሲከፈት፣ ጥሪ ሲመጣ፣ ኔትወርኩ ደካማ ሆኖ ስልኩ ሲጮህ፣ ከሁሉም በላይ ስልኩ ከእንቅልፉ ሲነሣ ድንገት ብዙ ኃይል ይፈለጋል። ያረጀው ባትሪ ሊሰጥ አይችልምና ቮልቱ በቅጽበት ይወርዳል፤ ስልኩም ራሱን ለማዳን ይዘጋል። እንስራው ውስጥ ውኃ አለ፤ አፉ ግን ጠብቧል። አርባ በመቶ እያለ መሞቱ፣ ሲነሣም ዐሥራ አምስት ማለቱ ከዚህ የመጣ ነው። ሙቀት ይህን እርጅና ያፋጥነዋል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ፣ ትራስ ሥር ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ያደረ ስልክ ቶሎ ያረጃል።

ይህ የባሕር ዳር ጓዳ ጥበብ ብቻ አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ባወጣው የሥርዓት ማሻሻያ ያረጁ ባትሪዎችን የያዙ አይፎኖች ድንገት እንዳይጠፉ ፍጥነታቸውን በዝምታ ቀንሶ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ነገሩ ሲገለጥ ይቅርታ ጠየቀ፤ ለ2018 የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በ2020ም እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ሊደርስ በሚችል ስምምነት ክሱን ዘጋ። ኤልጂም እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ጂ4 የተባለው ስልኩ እየጠፋ እየተነሣ መቸገሩ በውስጥ ክፍሎቹ መካከል ከላላ ግንኙነት የመጣ መሆኑን አምኗል። በሁለቱም ጉዳይ ስልኩን መቶ ጊዜ ፎርማት ማድረግ ባትሪውን አያድስም፤ የላላውንም አያጠብቅም። ባለቤቱ ግን መቶ ጊዜም ባይሆን በመጀመሪያው ጊዜ ያለውን ሁሉ ያጣል።

በእርግጥ ሶፍትዌርም ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የስልኩ ማከማቻ አፉ ድረስ ሲሞላ፣ ማሻሻያ በግማሽ ሲቋረጥ፣ ያልታወቀ መተግበሪያ ሲጫን ተመሳሳይ ዐመል ይታያል። ለዚያም ቢሆን ከፎርማት የቀደመ ፈተና አለ። ስልኩ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን የሚነሣ ከሆነ፣ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ የማጥፊያው ምርጫ ሲመጣ በጣት ተጭኖ በመቆየት ከአምራቹ መተግበሪያዎች በቀር ሌላውን ሁሉ አስተኝቶ የሚነሣበት «ሴፍ ሞድ» የሚባል ሁኔታ አለ። እዚያ ውስጥ ሰላም ከሆነ ጥፋተኛው እኛ የጫንነው ነገር ነው፤ እሱን ማውጣት ነው። እዚያም ከጠፋ ወደ ባትሪውና ወደ አካሉ መሄድ ነው። ያበጠ ባትሪ የታየ እንደ ሆነ ደግሞ መበሳት፣ መጫን፣ እንደገና ቻርጅ ማድረግ አይገባም፤ ይቃጠላልና።

አሁን ወደ ሁለተኛው ስሕተት ልምጣ፤ ለእኛ ለጽሑፍ ወዳጆች ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነውና። ብዙ ሰው «የጠፋ ፋይል በባለሙያ ይመለሳል» ብሎ ያምናል። በቀድሞዎቹ ስልኮች ይህ ብዙ ጊዜ እውነት ነበር። ዛሬ ግን ስልኮች በውስጣቸው ያለውን ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው አንድሮይድ 10 ወዲህም ይህ ለአዳዲስ ስልኮች ሁሉ ግዴታ ሆኗል። ፎርማት ሲደረግ ቁልፉ ይጣላል። ከዚያ በኋላ የቀረው ነገር ማንም የማይፈታው የፊደል ትቢያ ነው። ሌባን ለመከላከል የተሠራው በር ባለቤቱንም አይለይም። ስለዚህ «ፎርማት ላድርገው?» ተብሎ የሚጠየቀው ጥያቄ «ቤቱን እንጥረገው?» የማለት ያህል ቀላል አይደለም፤ «ቤቱን እናቃጥለው?» ከማለት ይቀርባል።

የባሕር ዳሩ ባለሙያ ያበጠውን ባትሪ አወጣ። አዲስ ከመግጠሙ በፊት ሰሌዳውን ከጠረጴዛው የኃይል መስጫ መሣሪያ ጋር በሁለት ሽቦ አገናኘው። ስልኩ ተነሣ፤ አልወደቀም። «አሁን ቶሎ እንገልብጥ፤ ባትሪውን በኋላ» አለ። በኬብል ከኮምፒውተሩ አገናኝቶ የአክስቴን ድምፆች ሁሉ አወጣቸው። እኔ ፍላሽ ይዤ አልመጣሁም ነበር፤ የእሱን ገዛሁ። ሂሳቡን ስንተሳሰብ ከባትሪው ዋጋና ከድካሙ ሌላ አንዲት ሳንቲም አልጨመረብኝም።

እቤቴ ገብቼ አንድ በአንድ አዳመጥኋቸው። ሁሉም ደኅና ነበሩ፤ የመጨረሻው ብቻ አልከፈት አለኝ። መጠኑ አለ፤ ቀኑ አለ፤ ድምፅ የለውም። በኋላ እንደ ተረዳሁት በስልክ የሚቀረጽ ድምፅ በብዙ ዓይነት ፋይሎች ላይ ማውጫው የሚጻፈው ቀረጻው ሲዘጋ ነው። ስልኩ በመካከል ከሞተ ገጾቹ ይኖራሉ፤ ማውጫው ግን የለም፤ ማጫወቻውም መግቢያውን አያገኝም። አንዳንዴ ከሌላ ደኅና ፋይል ማውጫ እየተዋሱ የሚጠግኑት አሉ። ሞከርን፤ የእኔ አልሆነም። ያ ሙሾ በእኔ ልብ ውስጥ ካለው ጭላንጭል በቀር የትም የለም። ያጠፋውም ወጣቱ ባለሙያ አይደለም፤ ፎርማትም አይደለም። ስልኩ ለወራት ሲነግረኝ ያልሰማሁት፣ «ገባ» ብዬ ሳላዳምጥ የተነሣሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ክርክሬን ወደ ራሴና ወደ መሰሎቼ እመልሰዋለሁ። ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ቅጂ ምን እንደ ሆነ ሊነገረን አይገባም ነበር። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ መጻሕፍቱን ጠብቀው ለዛሬ ያደረሱት ደሴት ስለ ሆኑ ብቻ አይደለም፤ ቁም ጸሐፊው ቆዳ ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ አንዱን መጽሐፍ ከሌላው እየገለበጠ ስለ ኖረ ነው። ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የጣናን ገዳማት መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቶ መዝገባቸውን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አሳተመ። በዚያው በ1973 አካባቢ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም የሚያነሣው ትልቅ ሥራ ተጀመረ፤ ቅጂዎቹ እስከ አሜሪካ ሚኒሶታ ተሻገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን በዚያ ቅጂ ላይ አፈሰሱ። ቅጂ እምነት ማጣት አይደለም፤ ለዋናው መጽሐፍ ያለን ፍቅር ነው።

እኛ ግን በወር አንድ ጊዜ የሚገለበጥ ፍላሽ መግዛት ከበደን። «ኢንተርኔት ላይ አስቀምጡት» የሚለው ምክር መልካም ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ በደመና ያስቀመጠው ሰው በደመናው ሥር ቆሞ ቀረ። በእጅ የሚያዝ አንድ፣ በሌላ ሰው ቤት የሚቀመጥ አንድ፣ ኔትወርክ ሲኖር ደግሞ ወደ ላይ የሚላክ አንድ ቅጂ ያስፈልጋል። ለሙሾ፣ ለቀረርቶ፣ ለሠርግ ዘፈን፣ ለአባት ምክር ሦስት ቅጂ የሚበዛ አይመስለኝም።

ከጥገና ባለሙያዎቻችንም አንዲት ነገር እሻለሁ። ጠረጴዛችሁ ላይ «ከመጀመራችን በፊት፦ ውስጡ የሚያሳሳዎት ነገር አለ?» የምትል ወረቀት ለጥፉ። ይህች ጥያቄ አንድ ደቂቃ ትወስዳለች። መልሱ «አዎን» ከሆነ ባትሪ፣ ቁልፍ፣ ካርድ፣ ሴፍ ሞድ ይቅደሙ፤ ፎርማት ከሁሉም በኋላ፣ በባለቤቱ ፈቃድ ይምጣ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በችኮላ ፎርማት የተደረገ ስልክም ባትሪው እስካልተቀየረ ድረስ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ግን ውስጡ ባዶ ነው።

ስልክ የሚሠሩትም ሆኑ ስልክ እንዲገባ የሚፈቅዱት ድርሻ አላቸው። ጀርባው በጥፍር የሚከፈትበት፣ ባትሪው እንደ ቁልፍ የሚወጣበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ሁላችንም ይዘነው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ የስልክ አምራቾች ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላ ለ7 ዓመት መለዋወጫ እንዲያቀርቡ አስገድዷል፤ የተንቀሳቃሽ ዕቃዎች ባትሪም፣ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩትም፣ ከየካቲት 2027 ጀምሮ ባለቤቱ ራሱ ሊቀይረው የሚችል እንዲሆን በሕግ ደንግጓል። በአንድ ስልክ ብዙ ዓመት ለምንኖረው ለእኛ ይህ ሕግ ከአውሮፓውያኑ ይልቅ ያስፈልገናል። ደኅና ባትሪ በተገቢ ዋጋ ቢገኝ የፎርማት ልማድ ግማሽ በግማሽ ይሞት ነበር።

ስልኬ ዛሬም አለ፤ አዲሱ ባትሪ ይዞታል። የአክስቴ ድምፆች በሦስት ቦታ አሉ፤ ከእነርሱም በጽሑፍ እያሰፈርሁ ነው፤ እየገለበጥሁ ስሄድ እንደ ተማሪዎቼ ደጋግሜ እሳሳታለሁ፤ ቃሉን መልሼ አዳምጣለሁ። ያን ያልተከፈተውን ፋይልም አልደመሰስሁትም። ከሌሎቹ ጋር በሦስቱም ቦታ ተገልብጦ ተቀምጧል፤ ምናልባት አንድ ቀን የሚከፍተው ይመጣ ይሆናል።

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህን አንብበህ ስትጨርስ፣ አንብበሽ ስትጨርሺ፣ በስልኩ ውስጥ አንድ ብቻ ሆኖ የተቀመጠ ድምፅ ካለ አሁኑኑ ይገልበጥ። ገልብጣችሁም ስታበቁ «ገባ» ከማለታችሁ በፊት ከፍታችሁ አዳምጡት።

ቸር ያሰንብተን።